ተዘቅዝቀን ልጅ የጠየቅን ዕለት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ሽበቴን ጉድ አደረግኩት! እናንተ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ እኔ ቆሜ ነው የተዋረድኩት።

ጎረቤቴ ብሩክ ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ሆነን ከተላክነው ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። የልጅቷ ቤት አቃቂ በሰቃ፣ የአባትየው የአቶ ደረጀ ሥራ ደግሞ ሰመራ! ስለዚህ በቪዲዮ ሊያነጋግሩን ተስማሙ።

አቶ ደረጀ የዋዛ ሰው አይደሉም። ለታላቋ ልጃቸው የሄዱትን ሽማግሌዎች "ቀልደኞች ናችሁ" ብለው መልሰዋል።

"በስልክ ይሁና" አለኝ ብሩክ።

"ሦስት ሽማግሌ ስልክ ውስጥ አይገባም! ላፕቶፕ አለኝ!"

አፌን የሚይዝልኝ ሰው ይጥፋ?

ፉከራው አልበቃ ብሎኝ፣ ትናንት በዚያ አሮጌ ላፕቶፔ ላይ አዲስ ሲስተም ጫንኩ። ለክብሩ!

ሴት ልጄ ነግራኝ ነበር። "አባዬ ተው! የዚያ ካሜራ ድራይቨር ከአዲሱ ሲስተም ጋር አይሠራም።"

ድራይቨር ማለት ካሜራውንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። በቃ፣ የእነሱ ሽማግሌ በሉት።

ሰማኋት? ምን በወጣኝ!

ዛሬ ኮታችንን ቆልፈን አቃቂ ልጅቷ ቤት ገባን። ወግ ነውና "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለን ተደርድረን ቆምን። ላፕቶፑን ከፈትኩ። አቶ ደረጀ ብቅ አሉ።

አዩን።

ደግመው አዩን።

"አባቶቼ፣ መጀመሪያ ከጣሪያው ውረዱ፤ ከዚያ ቁጭ በሉ!"

ለካ ካሜራው ገልብጦ እንደ ሌሊት ወፍ ሰቅሎናል!

ምን ላድርግ? ላፕቶፑን ራሱን ዘቀዘቅኩት! እኛ ተቃናን። አቶ ደረጀ ግን በእኛ በኩል ጢማቸው ላይ፣ መላጣቸው ታች ሆነ።

መሪያችን ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን ትከሻቸው ድረስ አጣመው "የተከበሩ አቶ ደረጀ..." ሲሉ፣ አጠገባችን የነበሩት የልጅቷ እናት በሳቅ ፈነዱ። እኔም አልቻልኩም።

አቶ ደረጀ አልሳቁም።

ብሩክዬ፣ ጉድ ሠራሁህ!

"ማሽኑን ያመጣው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ቀጥ ብለው የመጡትን መልሻለሁ። ተዘቅዝቆ የለመነኝን ግን በምን አንጀቴ እመልሳለሁ? ሰጥቻለሁ! ብቻ እርስዎ ሰርጉ ላይ ካሜራ እንዳይነኩ!"

እልል ተባለ!

አያችሁ፣ ሰው አስማምቼ ገባሁ። ካሜራዬና ላፕቶፔ ግን አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው።

ለእነሱስ ማንን ልላክ?