የጓድ ስማቸው ክቦች

ሒሳብ ለቀበሌያችን ያበረከተውን አስተዋጽኦ ሳይመዘግቡ ማለፍ በታሪክ ፊት ያስጠይቃል። ነገሩ የተጀመረው ሊቀመንበራችን ጓድ ስማቸው ኮምቦልቻ ላይ የሦስት ቀን ሴሚናር ተካፍለው ደሴ የተመለሱ ዕለት ነው። ስብስቦች በክብ እየተሳሉ እንደሚብራሩ እዚያ ሰምተዋል፤ ምሳውም ጥሩ ነበር ይባላል።

ወዲያው የሒሳብ አስተማሪው እንድሪስ ተጠርቶ የቀበሌውን አደረጃጀት በኅብረት ሱቁ ግድግዳ ላይ በጠመኔ እንዲስል ታዘዘ። አንድ ትልቅ ክብ ሳለና «ሰፊው ሕዝብ» ብሎ ጻፈበት። በውስጡ ትንሽ ክብ ሳለና «አመራር» አለው። አመራሩ ከሕዝቡ የወጣ ስለሆነ የሕዝቡ ንዑስ ስብስብ ነው ብሎም አስረዳ።

ጓድ ስማቸው ራሳቸውን የእንቁላል አስኳል አክለው ሲያዩ ከፋቸው። አመራር ከሕዝብ ያንሳል ወይ ብለው ጠየቁ። እንድሪስ የልጆች አባት ነውና አያንስም አለ። ትልቁ ክብ የአመራሩ፣ በውስጡ ያለው ትንሹ የሕዝቡ ሆነ።

ሱቁ ሁለት መስኮት ነበረው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንዲሉ፣ አመራሩ ኋላ እንዳይቆጨው ስኳር የሚገኘው በአመራሩ መስኮት ብቻ ነበር። የሕዝቡ መስኮት «ነገ ተመለሱ» ያድላል። ወይዘሮ ሸሪፋ አራስ ልጃቸው አጥሚት የምትጠጣበት ግማሽ ኪሎ ስኳር ፍለጋ አምስት ቀን ተመላልሰዋል። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምረው ስለነበር ግድግዳውን ረጋ ብለው አነበቡና ወደ አመራሩ መስኮት ሄዱ።

«እናቴ፣ ይሄ የአመራር ነው» አሏቸው ጓድ ስማቸው።

«ሕዝቡን በሙሉ አመራር ውስጥ አስገብታችሁት የለ? ገብቼ ነው የመጣሁት።»

እንድሪስ ተጠይቆ፣ በሒሳብ ትክክል ናቸው አለ። ከኋላቸው ሰልፉ በሙሉ አመራር እየሆነ መጣ። ጓድ ስማቸው ቆራጥ እርምጃ ወሰዱ፤ ሁለቱ ክቦች ተለያይተው፣ ሳይነካኩ እንዲሳሉ አዘዙ። አመራሩ ብቻውን በግራ፣ ሕዝቡ በቀኝ ሆነ። እንድሪስ ከሦስቱ ሥዕሎች እውነተኛው ይህ ነው ብሎ ያለ ማመንታት ፈረመበት።

ወይዘሮ ሸሪፋ ግን አልሄዱም። በስኳሩ ጆንያ ላይ የታተመውን በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ለሰፊው ሕዝብ የሚከፋፈል።»

«እናንተማ ከሕዝቡ ወጥታችኋል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ። «ወላሂ፣ የኛን ስኳር እናንተ መስኮት ምን አመጣው?»

ለዚህ የተሰጠ ሴሚናር አልነበረም። ጆንያው በሕዝቡ መስኮት ተከፈተ፤ ወይዘሮ ሸሪፋም ግማሽ ኪሏቸውን ይዘው ወደ አራሷ ሄዱ። ጓድ ስማቸው ታላቅ መሪ ናቸውና ግለ ሂስ ለማድረግ አልዘገዩም። የአመራሩን ክብ በገዛ እጅጌያቸው ጠርገው ከሰፊው ሕዝብ ጋር ተቀላቀሉ።

የቆሙበት የሰልፉ ጫፍ ፒያሳ ደርሶ ነበር።