የእትዬ ዘሃራ ቀይ ፈርጥ

እውነቱ ይውጣ ብሎ የሚጮህ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው የጎረቤቱን እውነት ነው። የራሱማ ባለበት ይቀመጥለት። ይህን ያስተማረኝ ሥራዬ ነው። ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ስለ ድንጋይ አስተምራለሁ፤ አልትራቫዮሌት የምታወጣ፣ ብርሃኗ ለዓይን እምብዛም የማይታይ የእጅ ባትሪም አለችኝ። አንዳንዱ ማዕድን እሷ ስታርፍበት በራሱ ቀለም ይበራል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ዝም ይላል። እንዲህ ያለች ባትሪ እንዳለችህ ሰፈር ከሰማ ቅዳሜህ የአንተ አይደለም። ከዘጌ የተለቀመ ጠጠር ሳይቀር በመሐረብ ተቋጥሮ ይመጣልሃል።

ባለፈው ግን እትዬ ዘሃራ ራሳቸው አስጠሩኝ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ባለቤታቸው ሐጂ ከሞቱ ጥቂት ዓመታት የሆናቸው ጎረቤቴ ናቸው። ሐጂ በኒካቸው ቀን ያጠለቁላቸውን፣ ሰፈሩ ሁሉ ሩቢ የሚሉት ውድ ዕንቁ ነው እያለ የሚያውቀውን ባለ ቀይ ፈርጥ ቀለበት፣ እሑድ ለምትዳረው የልጅ ልጃቸው ሊሰጡ አስበዋል። የሐጂ ወንድም ታዲያ በዘመድ ፊት፣ "መስታወት ለሙሽራ ይሰጣል እንዴ?" ብለው አረፉት። ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘሃራ እህል አልበላ አላቸው። ነገሩ ሙሽራዋን ማሳፈር ብቻ አይደለም፤ መስታወት ከሆነ ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን ሲያታልሏቸው ኖረዋል ማለት ነው።

ሩቢ በባትሪዋ ሥር ቀይ ይበራል፤ እሷ ግን ጨለማ ትፈልጋለች። የጣና ዳር ቀትር ደግሞ ጨለማ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ጠረጴዛውን ጋቢ ልናለብሰው ሆነ። ለእንግዳ የሚወጣው መቼም የታጠበው ነው፤ ለእኔ ክብር ሲባል ትናንት በዱቄት ሳሙና የነጣው ወጣ። እትዬ ዘሃራ፣ የሐጂ ወንድምና እኔ ከሦስት ወገን አንገታችንን አስገባን። አበራሁ። ጋቢው ቦግ አለ! ሳሙናው ውስጥ ያለው ማንጫ ለካ በዚህች ብርሃን የሚያህለው የለም፤ ቤቱ ሰማያዊ ሆኖ ፈርጡ ከነመኖሩም ተረሳ። ክብር ሲበዛ ምርመራ ያበላሻል፣ ጎበዝ።

እትዬ ዘሃራ ነገሩ ወዲያው ገባቸውና ከሱቃቸው ጥቁር ጨርቅ አስመጡ። እንደገና ገባን። አሁን ፈርጡ ደማቅ ቀይ ሆኖ ቁልጭ አለ።

"ሱብሃነላህ!" አሉ የሐጂ ወንድም። ጫማቸውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቁ ወጡ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? የመምህር አፍ ግን አያርፍም።

"እትዬ፣ እንዲህ የሚበራ መስታወት አላየሁም። ግን አልደብቅዎትም፤ ፋብሪካ የሠራው ሩቢም ልክ እንዲህ ይበራል፣ እንዲያውም ይብሳል። ከመሬት መውጣቱን ይህች ባትሪ አትነግረንም።"

ቀለበቱን በሻሻቸው ጫፍ ወለወሉት። ከዚያ ፈገግ አሉ።

"ሐጂ እኮ 'መስታወት አይደለም' ብቻ ነው ያሉኝ። ሩቢ ነው እያልሁ ላገሩ ያወራሁት እኔ ነኝ። አጠገቤ ቁጭ ብለው ሲሰሙኝ ኖሩ፤ አንድ ቀን እንኳ አላረሙኝም።"