የአራት ወር ሽኝት

እንደ እኛ ያለ ሸኚ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ ኦስሎ፣ ሞርተንስሩድ ሰፈር፣ የጎረቤቴ የዘነበች ልጅ ሊያ ለአንድ ሴሚስተር ጣሊያን፣ ቦሎኛ ወዳለው ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ አሥራ አራት ሆነን ኤርፖርት ሄድን። ሁለቱ ዲያቆናት ናቸው፤ ለአራት ወር ትምህርት ዲያቆን ምን ያደርጋል አትበሉኝ። አጠገባችን አንድ ኖርዌጂያዊ አባት የልጁን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገና የከፈለበት የመኪና ማቆሚያ ሰዓት እንዳያልፍበት እየሮጠ ሄደ። እኛ ግን እንላቀሳለን። ጥበቃው ሳይቀር ሰው የሞተብን መስሎት ቆቡን አወለቀ።

ሊያ አፈረች። «ማማ፣ በቃ! ለገና እመጣለሁ እኮ!»

ዘነበች እንባዋን በስካርፏ ጠረገች።

«እኔም ለእናቴ ለገና እመጣለሁ ብያት ነው የወጣሁት።»