ሲካፈል ስንት ይደርሳል?

መንግሥት ብር ባወጣ ቁጥር ከገዛ ኪሱ የወጣ ያህል የሚያመው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የኛ ሰፈሩ ክቡር ኦዲተር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ኦዲተር ያልናቸው እኛ ነን እንጂ የሾማቸው የለም።

ባለቤታቸው ሽንኩርት ገዝተው ሲገቡ "ሲካፈል ስንት ይደርሳል?" ይላሉ። ሠርግ ተጠርተው ሙሽሮቹን ከማየታቸው በፊት የአዳራሹን ኪራይ ለተጋባዡ ያካፍላሉ። መልሱ ምንም ይሁን ምን ፍርዱ አንድ ነው፦ "አያዋጣም።"

ሥራ አጥ በዛ ተብሎ የሰፈራችንን የጎርፍ ቦይ በሰው ጉልበት ለማስቆፈር በጀት ሲለቀቅ አርባ ሰው ተመዘገበ። አንዱ እኔ ነበርኩ። የምሠራበት ማተሚያ ቤት ከተዘጋ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት፣ ሚስቴም እኔም ቀኑን ሙሉ መተያየት ሰልችቶን ነበር። ገና የመጀመሪያዋን አካፋ ሳነሳ ክቡርነታቸው በራፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ደብተር ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይቆጥሩናል።

"አንተ፣" አሉኝ፣ "በጀቱን ለአርባችሁ ባካፍለው ያንተ ድርሻ ሁለት ዓመት ቁጭ አድርጎ ይቀልብህ ነበር።"

"ቁጭ ብዬማ አየሁት እኮ ጋሼ። ሰው ያሳብዳል።"

"እሱን ደግሞ እንዴት አድርጌ ላካፍለው?" ብለው ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

በሁለት ወሩ፣ ቦዩ ገና ግማሽ ሳለ፣ ሥራው ይቀጥል ወይስ ይቁም ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ኦዲተሩ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ሲገቡ እርስ በርስ ተያየን።

"አለቀልን፣ ጉሮሯችንን ሊዘጉት ነው" አለችኝ አብራኝ የምትቆፍረው ሴትዮ።

ተነሱና መነጽራቸውን ጠረጉ። "አያዋጣም" አሉ። ደብተራቸውን ገለጡ። "የሚከፈለው ለአርባ ሰው ነው። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ስቆጥር ሠላሳ ሰባት ነው የማየው። አካፋ ሳይነኩ ደመወዝ የሚነኩት ሦስቱ እነማን ናቸው? ያ ሸራ ለብሶ የተኛ መቆፈሪያ ማሽንስ? አንድ ጉድጓድ ሳይቆፍር ኪራዩ ይቆጥራል። እነዚህን አውጡና እንደገና አካፍሉት። ቦዩም ያልቃል፣ ሠላሳ ሰባቱም ሌላ አራት ወር ይሠራሉ።"

አሠሪያችን አንገቱን ሰበረ። እኛ አዳራሹን በጭብጨባ ቀወጥነው። ማሽኑ በማግስቱ በመጣበት ተመለሰ፤ ሦስቱ ስሞችም ባለቤት ስላልተገኘላቸው ተሰረዙ።

ሰብሳቢዋ በደመወዝ ተቆጣጣሪ ይሁኑልን ብትላቸው ተቆጡ። "እኔ ልጨመርና ድርሻቸውን ላበላሽባቸው?" በነፃ ጠዋት ጠዋት ሲቆጥሩን ከረሙ። ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ቀን የቀረሁ ጊዜ ደብተራቸውን እንደያዙ ቤቴ ድረስ መጡ። "ሠላሳ ስድስት ሆነብኝ" አሉኝ። እንደሳቸው የቆጠረኝ ሰው የለም፤ የዚያን ዕለት ወደድኳቸው።

በክረምቱ የመጀመሪያ ዶፍ ውሃው ቦዩን ይዞ ግራ ቀኝ ሳይል ወረደ፤ አንድም ቤት አልገባም። ዝናቡ ሲያባራ መደገፊያ ያለው ወንበር ገዝተን በራፋቸው ደረስን።

"ሲካፈል ስንት ይደርሳል?"

"ለሠላሳ ሰባት፣ ጋሼ፣ የአንድ አንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ።"

ተቀመጡበት፣ ጀርባቸውን አስደገፉ። ቦዩን አዩ። ከዚያ እኛን አንድ በአንድ ቆጠሩን፤ ማንም አልጎደለም።

"ያዋጣል" አሉ።