የደንበኛ እርካታና የጋሼ ይግዛው ማንደጃ

በደባርቅ ከተማ የደንበኛ እርካታ የተረጋገጠበትን ዓመት ትውልድ እንዳይረሳው ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ዓመቱ ሁለት ሺህ ሁለት ነው፤ ቤቱ የጋሼ ይግዛው ነው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኛል፤ ጣጣው ሁሉ የመጣብኝም በእሱው ነው።

የጋሼ ይግዛው ቤት ድሮ ግሮሰሪ ነበር። በዚያ ዓመት “ባርና ሬስቶራንት” ተብሎ ወደ ላቀ ደረጃ ተሸጋገረ። ሽግግሩም አዲስ ታፔላ በመስቀልና ስልሳ አራት የምግብ ዓይነት የያዘ፣ በላስቲክ የተለበጠ ሜኑ በማሳተም ተበሠረ። ከስልሳ አራቱ አንዱ አለ፤ የባንቻየሁ ጥብስ። የቀሩት ስልሳ ሦስቱ ራዕይ ናቸው።

ያች ጥብስ ግን! ኧረ ተዉኝ! ከሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ከጨነቅ የወረደ ጠባቂ ስካውት ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ነበር የሚጎርሳት። ወጥ ሠሪዋ ባንቻየሁ የጎረቤት ከተማዋ የዳባት ልጅ ናት፤ እናቷንና ሴት ልጇን የምታስተዳድረው በዚችው ጥብስ ነው።

ታዲያ ጋሼ ይግዛው ጎንደር ወርደው የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰዱና “ደንበኛ ንጉሥ ነው” የሚል ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ከለጠፉ በኋላ ዞር ሲሉ ንጉሡ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አዩት። ደባርቅ ነው፤ ምን ያርግ? ወዲያው ከግማሽ በርሜል የተበየደውን ትልቁን የከሰል ማንደጃ ከማድቤት አስወጥተው አዳራሹ መሀል አስቀመጡት። ለባንቻየሁ አንድ ድስት በግድ የምትሸከም የሸክላ ማንደጃ ተረፈቻት። እኛ ደንበኞችም እግራችንን ዘርግተን፣ መዳፋችንን እያሞቅን፣ “ይች ጥብስ ሰሞኑን ምን ነክቷት ነው የምትዘገየው?” እንባባል ጀመር።

አንድ ቀን አስጎብኚው ሙሌ ስምንት ፈረንጆች ይዞ ገባ። ስምንት ጥብስ ታዘዘ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተጠበቀ በኋላ ፈረንጆቹ ሆዳቸውን እያሻሹ ወደ ፓርኩ፣ ወደ ቡይት ራስ ወጡ፤ ጥብሱ የደረሰው መኪናቸው ከሄደ በኋላ ነው።

“ጋሼ፣ ሰርቪሱ ካልተስተካከለ ሁለተኛ ግሩፕ አላመጣም” ብሎ ሙሌ ቁርጡን ነገራቸው።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት የደንበኞች ግምገማ ተጠራ። ሰብሳቢ ጋሼ ይግዛው፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ፤ ማንደጃውን ከበን የተቀመጥን እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ደንበኞች። ሰብሳቢው በመክፈቻ ንግግራቸው ኅብረተሰባችን ከመብላት ወደ መርካት መሸጋገሩን በሰፊው አብራሩ። ከዚያ ጠንካራ ጎን ተጠየቅን፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አሞገስን። ሙገሳው ወንበሮቹንም ሳይቀር አዳረሰ።

“ደካማ ጎንስ?” አሉ ጋሼ ይግዛው።

የበሉበትን ቤት ማማት ወጪት ሰባሪ ያሰኛል። የሁላችን ታላቅ የሆኑት አለቃ ሀብተ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ከነገሩ ጦም እደሩ ብለዋል አበው፣ ልጄ።”

“ይቅርታ ያርጉልኝና አለቃ፣ ደካማ ጎን የሌለው ግምገማ አይጸድቅም። ከሥልጠናው ያመጣሁት ቅጽ ላይ ቦታ አለው።”

ቦታ ካለውማ ምን ይደረጋል? ቤቱን እንዳንነካ ራሳችንን ነካን። መምህር ላቀው ተነሥተው “እኔ ርቦኝ የመምጣት ችግር አለብኝ” ሲሉ ግለ ሂስ አደረጉ። በቅሎ ጫኙ ያርጋል ጥብስ ሲዘገይ ሰዓቱን ደጋግሞ እንደሚያይ አምኖ፣ ከእንግዲህ ሰዓት አስሮ ላይመጣ ቃል ገባ። እኔም ወደ ማድቤት በር አፍጥጬ በማየት በሠራተኛዋ ላይ ጫና ማሳደሬን ተናዘዝሁ። ማንደጃውን ያነሣ የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኸ ነው።

“እንግዲህ ደንበኛው ራሱን አርሟል፤ ቤቱም ጉድለት የለበትም” ሲሉ ጋሼ ይግዛው አጠቃለሉ። “የቀረችው አንዲት ሰው ናት።”

ባንቻየሁ ተጠርታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

“ጥብሱ ለምን ይዘገያል? የአመለካከት ችግር አለብሽ?”

“የእሳት ችግር ነው ያለብኝ ጋሼ። ማንደጃዬን ይመልሱልኝ።”

“እሱ የደንበኛው ነው።”

“እንግዲያው ደንበኛው ይጥበሳ!”

ሳቃችን ሊያመልጠን ሲል ዋጥነው። ጋሼ ይግዛው ግን የአሠራር ሰው ናቸው። “ለድምፅ ይቅረብ። ማንደጃው እዚሁ ይቆይ፣ ሠራተኛዋም ትሰናበት የሚል እጁን ያውጣ።”

እውነቱን ልናገር፤ እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። እጃችን ድሮም ወደ እሳቱ ተዘርግቶ ነበር። እሳቸው ግን አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጠሩት። “አሥራ አንድ! በሙሉ ድምፅ!” እጁን የሰበሰበም አልተገኘ። ብርድ ነው ጎበዝ! የእኔ ቀኝ እጅ ይጽፋል፤ ግራው ይሞቃል፤ የተቆጠረው ግራው ነው።

ባንቻየሁ እጅ እጃችንን አየች። “አንተም?” አለችኝ። እኔን ለይታ መጠየቋ ያለ ነገር አይደለም፤ ከአጥንቱ ጋር ያለውን ሥጋ ሁልጊዜ ለእኔ ነበር የምታስቀርልኝ። አፈርሁ። ቅጹ ላይ ግን ለኀፍረት ቦታ አልተሰጠውም፤ “በሙሉ ድምፅ” ብዬ ጻፍሁ። ጽሕፈቱ ያምር ነበር። እሷም ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለችና ወደ ዳባት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ፍጹም ሆነ። ስልሳ አራቱ ምግቦች አሁን በእኩልነት የሉም። አዳራሹ ይሞቃል። ሙሌ ፈረንጆቹን ዳባት ላይ እያበላ ስለሚያመጣቸው ታፔላውን ፎቶ አንሥተው ያልፋሉ። ሌላውም ደንበኛ አንድ በአንድ ተንጠባጥቦ አለቀና አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ማንደጃው ዳር ጋሼ ይግዛውና እኔ ብቻ ቀረን።

“ምሳ በልተሃል?” አሉኝ።

“አልበላሁም፤ እርስዎስ?”

ፍሙን ቆስቆስ አደረጉት። “ዳባት የሚወርድ መኪና ይገኝ ይሆን?”

ባንቻየሁ ዳባት ላይ የከፈተችው ምግብ ቤት አንዲት ክፍል ናት። ታፔላ የላት፣ ሜኑ የላት፤ ነፋሱ በፊት በር ገብቶ በጓሮ ይወጣል። ስታየን ለጋሼ ይግዛው ወንበሩን ጠርጋ “ይቀመጡ” አለቻቸው። ጥብሱ በሩብ ሰዓት እየተንጣጣ መጣ። ከአጥንቱ ጋር ያለው አሁንም በእኔ በኩል ነበር፤ የባሰ አፈርሁ፤ በላሁትም።

ጋሼ ይግዛው ሳሕኑን ጠርገው ሲጨርሱ፣ “ጉድለት ካለ ይንገሩኝ ጋሼ” አለቻቸው።

ቤቱን ዙሪያውን ገረመሙት። “ሁሉም ጥሩ ነው። ቤትሽ ግን ይበርዳል። ማንደጃ የለሽም እንዴ?”

“አለ እንጂ ጋሼ፤ ሥራ ላይ ነው።”

ጋሼ ይግዛው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና “በይ አንድ ጥብስ ድገሚን” አሉ።