የዶክተር ፒዮ ማብራሪያ

በየቤተ ሙከራው አንድ የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። ሳይጠየቅ ያስረዳል፤ እሱ ሲያስረዳ ገብቶን የነበረውም ተመልሶ ይወጣል። ዴጆን ከተማ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ ማዕረግ የዶክተር ፒዮ ግዋንግሬ ነበር። «ቀላል እኮ ነው!» ካሉ ያ ነገር አበቃለት።

ተማሪዋ ኦክ ሴሪን ይህን ቃል ስትሰማ ማስታወሻ ደብተሯን ትዘጋለች። ሥራዋ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክሪስታሎችን በጋለ ዘይት ውስጥ ማሳደግ ነው። ቶሎ ከቀዘቀዙ ትንንሽ ሆነው አረንጓዴ ያበራሉ፤ ከቆዩ ይተልቁና ቀይ ይሆናሉ። የምትፈልገው አረንጓዴ ነበር። የወጣላት ግን አረንጓዴም ቀይም፣ ያውም ካንድ ብልቃጥ!

«ዶክተር፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«ቀላል እኮ ነው! አዘገየሽው።»

በማግስቱ ፈጠነች። ባሰበት።

«ቀላል እኮ ነው! ቸኮልሽ።»

«ትናንት ዘገየሽ ብለውኝ አልነበር እንዴ?»

«ትናንትማ ትናንት ነው። ዛሬ ዝናብ አለ።»

ምሳ ላይ ዶክተሩ ከሾርባዋ የአኩሪ አተር ቡቃያ በመመገቢያ እንጨታቸው እየለቀሙ በመጠን ደረደሩላት። «ይሄ ቀይ፣ ይሄ አረንጓዴ፣ ይሄኛው ደግሞ...» ትንሽ አሰቡና ጎረሱት። ሴሪን ሾርባዋንም ተስፋዋንም ገፋ አደረገች።

ሥራዋ የሚገመገምበት ቀን ደረሰ። ካላሳመነች ትሰናበታለች። ኮስታራዋ ፕሮፌሰር ሺም፣ «ሁለቱን ቀለም ምን አመጣው?» ሲሏት ማስታወሻ ደብተሯን ታገላብጥ ጀመር።

ዶክተር ፒዮ ከኋላ ብድግ አሉ። «ቀላል እኮ ነው!» ከሙቀቱ ጀመሩ፣ በዝናቡ ዞሩ፣ አኩሪ አተር ላይ ደረሱ። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። በመጨረሻ፣ «እሺ በቃ፣ ገባኝ! ልጅቷ ጊዜ ይጨመርላት። እርስዎ ብቻ ይቀመጡልን!» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ሴሪን ያዘቻቸው። «አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ምክንያቱ ምንድን ነው?»

ዶክተሩ ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እንጃ፣ ልጄ። እኔንም ያቃተኝ ነገር ነው። ዝም ካልኩሽ ተስፋ የምትቆርጪ መሰለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብልቃጡን አብረው ያሞቁት ጀመር፤ እሳቸው ሲያስረዱ እሷ ስትደናገር። አንድ ጠዋት ጥርት ያለ አረንጓዴ አበራ። ለምን እንደሆነ አንዳቸውም አላወቁም።

በኋላ፣ ነገርን አፍታተው በማስተማር የተመሰገኑ ሊቅ ያሉበት ሌላ ቤተ ሙከራ ነይልን አላት። አልሄድም አለች። ምክንያቷን ሲጠይቋት ግን ማስረዳት አቃታት።