እሷ እንደዛ አትልም

የዱር ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ በሚታደንበት አገር ሁሉ፣ የሌላ ሰው የወፍ መጥሪያ በሰማ ቁጥር ጥርሱን እንደታመመ ፊቱን የሚያጨማድድ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ፖስታ ቤት የሌላት ከተማ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ የሌላት ከተማ ግን አላጋጠመችኝም። ለእኛ፣ በኬንታኪ ተራሮች ሥር ለምንኖረው ኃጢአተኞች የተላኩልን ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ሚስተር ቨርለን ታኬት ናቸው።

ጉባኤያቸው የዴልፊያ ሱቅ ነው። ዴልፊያ የከብት መኖ፣ ጥይትና መንጠቆ ትሸጣለች፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትኩስ ብስኩት ላይ የቋሊማ መረቅ አፍስሳ ታቀርባለች። ሚያዝያ ሲገባ የተርኪ መጥሪያዎቹን ባንኮኒው ላይ ትደረድራቸዋለች። ያኔ አንዱ ምስኪን የዝግባውን ሳጥን ያነሳና ክዳኑን ጠርዙ ላይ ሸርተት አድርጎ ያስጮኸዋል። ሚስተር ቨርለን ዓይናቸውን ከሳህናቸው ሳያነሱ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ።

«እሷ እንደዛ አትልም!»

እሷ ማለት ሴቷ ተርኪ ናት። አዳኝ እንደ እሷ እየጮኸ አውራውን ወደ ጠመንጃው ይጠራል፤ ጥበቡ በሙሉ ይኸው ነው። ሚስተር ቨርለን ታዲያ ስለ እሷ ሲያወሩ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ነው የምትመስለው። ምን እንደምትወድ፣ በምን እንደምትቀየም፣ ከማን ጋር እንደማትነጋገር ያውቃሉ።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳው ዶይል አንድ ሰሞን ምላስ ላይ የሚቀመጠውን የላስቲክ መጥሪያ ገዝቶ፣ የብርዱን ወራት ሙሉ መሪ ይዞ ሲለማመድ ከረመ። ሕፃናቱ ጆሯቸውን ይዘው ነበር የሚሳፈሩት። በመጨረሻ ሱቁ መጥቶ በኩራት ነፋው።

«ዶይል፣» አሉት ሚስተር ቨርለን በሐዘኔታ፣ «ይቺን ሴትዮ ጉንፋን ይዟታል። አውራው የሚመጣው ሊያገባት ነው ወይስ ሊያስታምማት?»

ቤተ ክርስቲያንም አያርፉም። ከመዘምራኑ አንዷ ድምጿን ወደ ላይ ስትሰቅለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይሄ ለዝናብ ቀን ይሆናል» አሉኝ። ይህ ከሳቸው አፍ የወጣ ትልቁ ምስጋና ነው። የቱ ድምፅ ለየትኛው ጠዋት እንደሚስማማ የጠየቃቸው ሰው ደግሞ ምሳው ይቀዘቅዝበታል። ነፋስ ሲኖር ሩቅ የሚሰማው ሳጥኑ፣ ሲዘንብ እርጥበት የማይጎዳው ላስቲኩ፣ ጭር ሲል በእንጨት የሚፋቀው ድንጋይ።

«ዋናው ግን አለማብዛት ነው፣ ልጄ። እሷ አትለምንም። የት እንዳለች ትናገራለች፣ ከዚያ ዝም ብላ ጥሬዋን ትለቅማለች። መምጣቱ የሱ ፋንታ ነው።»

ይህ ሁሉ እውቀት ያለው ሰው ታዲያ ጠመንጃ አይዝም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። እሳቸው ይጠሩ ነበር፣ የሚተኩሰው የሚስታቸው ወንድም ሆባርት ነበር፤ ስንት ጸደይ አንድ ግንድ ተደግፈው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሚስታቸው ናዲን ሞተች፤ ካቻምና ደግሞ የሆባርት ልብ ቀጥ አለች። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን፣ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ይጠራሉ፣ አውራው ይመጣል፣ ያያቸዋል፣ ይሄዳል። ምን ገደሉ ብለን ስንጠይቃቸው «ተጨዋወትን» ይላሉ። እኛም እንስቃለን።

አንድ የሚያስቀን ሌላ አመል አመጡ። አርብ አርብ ሊወጡ ሲሉ ቆባቸውን ያጠልቁና በሩ ላይ ቆመው፣ ለማንም ሳይሆን ለመኖው ጆንያ በሚመስል ሁኔታ፣ «ነገ ጎህ ሲቀድ ጨው ሸንተረር ላይ፣ ከትልቁ የባሉጥ ዛፍ ሥር ነኝ» ይላሉ።

እኛ አገር ተርኪ የሚያድርበትን ቦታ የሚናገር ሰው የለም። አባት ለልጁ የሚነግረው ሊሞት ሲል ነው፤ ያውም ነፍሱ እንደማትመለስ ካረጋገጠ በኋላ። ስለዚህ ሚስተር ቨርለን ቦታቸውን ሲናገሩ እንደሚያታልሉን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገንም።

«ሸንተረሩ ላይ ነኝ ካለ ወንዙ ዳር ነው» አለ ዶይል። በማግስቱ ወንዙ ዳር የአዳኝ ገበያ ቆመ። ከየቁጥቋጦው ሥር የሚጮኸው ሴት ተርኪ ሁሉ ጢም ነበረው።

የአደኑ ወቅት ሊዘጋ ሲል የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ደረስን። አንድም ላባ አላገኘሁም፤ የወንዙም ግርግር ሰልችቶኛል። ሽማግሌው ሸንተረሩ ላይ ነኝ ካሉ ሸንተረሩ ባዶ ነው ብዬ በብልጠቴ እየተደሰትኩ ወጣሁ። ሰማዩ ገርጣ ሲል ከበላዬ አንዲት ሴት ተርኪ ጠራች። ጥቂት ብላ ዝም አለች። እንደዚያ ብቻውን የሆነ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ማደኔን ረስቼ፣ ሰው ነኝና፣ የድንጋይ መጥሪያዬን አውጥቼ መለስኩላት።

«እሷ እንደዛ አትልም!» አለ ትልቁ የባሉጥ ዛፍ።

ሄጄ አየኋቸው፤ ተርኪዋ ለካ እሳቸው ኖረዋል። ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሥራቸው የተጨፈለቀች የመቀመጫ ትራስ አለች፤ አጠገባቸው ሌላ ትራስ ተነጥፏል፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ከፔርሙዙ ጎን ሁለት ኩባያ ቆሟል።

«ሚስተር ቨርለን፣ እውነትዎን ነበር እንዴ?»

«ምኑን?»

«እዚህ ነኝ ያሉትን።»

«ታዲያ የት ልሁን?»

«እኛ እኮ... ውሸትዎን መስሎን ነው። ለምን በግልጽ ኑና አብራችሁኝ ተቀመጡ አላሉንም?»

ከሁሉ የከፋውን መጥሪያዬን እንደሰሙ ሁሉ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«እሷ አትለምንም፣ ልጄ።»

በየሳምንቱ በሩ ላይ ቆመው ሲጠሩን፣ እኛ ደግሞ ተሽቀዳድመን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስንሄድ ታየኝና አዘንኩ። ባዶው ትራስ ላይ ተቀመጥኩ። ቡና ቀዱልኝ፤ ቀዝቅዟል።

ያኔ ከሸለቆው አውራው አጓራ። እኔ ኪሶቼን ሁሉ በረበርኩ። «የቱን ልጠቀም? ሳጥኑን? ድንጋዩን?»

«ምንም። የት እንዳለን ሰምቷል።»

እውነትም መጣ፤ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ። ተኮስኩ። ሳትኩት። ሸንተረሩ በሙሉ እስኪያስተጋባ ሳቁ፤ ሆባርት ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ሆባርትም ይስት ነበር» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ዓመቱ ዞረ። ባለፈው አርብ ሚስተር ቨርለን መረቃቸውን ጨርሰው፣ የሁላችንንም መጥሪያ በየተራ ኮንነው፣ ቆባቸውን አጠለቁና በሩ ላይ ቆሙ።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ጨው ሸንተረር ላይ ነኝ።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ዶይል አገጩን አከከ። «እኔ ምለው፣ እውነቱን ቢሆንስ?»

ብስኩቴን አስቀመጥኩ። «ሚስተር ቨርለን? እውነት? ተወኝ እባክህ! ወንዙ ዳር ናቸው።»

ይሉኝታ ቢሱ እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። ግን ሁለተኛዋን ትራስ ለማንም አልሰጥም።